«ሆት ሃች» የሚገዛ ከሻጩ በፊት ኢንሹራንሱን ይጠይቅ

የፎርድ ኩባንያ ፊየስታ የተሰኘችውን ትንሽ መኪናውን ማምረት ያቆመው በጁላይ 2023 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1976 ጀምሮ ለ47 ዓመታት የተመረተችው ይህች መኪና በእንግሊዝ አገር ለበርካታ ዓመታት ሽያጭ ስትመራ የኖረች ነበረች። እሷ ስትቀር «ኤስ ቲ» የምትባለው ፈጣን እህቷም አብራ ቀርታለች። የፈረንሳዩ ሬኖም «ሬኖ ስፖርት» የሚለውን ስሙን በ2021 ለአልፒን አስረክቦ የመጨረሻዎቹን ፈጣን ሜጋኖች በ2023 ሸኝቷል። ሂዩንዳይ «አይ 20 ኤን»ን ከአውሮፓ ገበያ ያወጣው በ2024 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አውሮፓ የደረሰችው አዲሷ ሱዙኪ ስዊፍት «ስፖርት» የሚባል ዓይነት ሳይኖራት ነው የመጣችው።

እንግሊዞች እነዚህን መኪኖች «ሆት ሃች» ይሏቸዋል። የኋላ በራቸው ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ አስቤዛ የሚጭኑ ተራ የቤት መኪኖች ናቸው። ልዩነታቸው በውስጣቸው ነው፤ ሞተሩ ጉልበተኛ፣ ሾክ አብዞርበሩ ጠንካራ፣ መሪው ፈጣን ሆኖ ይሠራል። ባለቤቱ ቅዳሜና እሑድ ጠመዝማዛ መንገድ ፈልጎ የሚደሰትባቸው፣ ሰኞ ደግሞ ሥራ የሚሄድባቸው ናቸው።

ይህን ዜና የሰማ የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ ይታወቃል። ማምረት የቆመ ዕቃ ይወደዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ገዝቶ ማቆየት ነው። ሎንዶን ወይም ፍራንክፈርት ላለው የወንድም ልጅም ምክሩ በስልክ ይደርሰዋል። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ገንዘብ የሚበላው ሌላኛው ግማሽ ነው።

በእኛ አገር መኪና ከመጓጓዣነቱ ይልቅ ገንዘብ ማስቀመጫነቱ ያመዝናል። ከ2020ው የኤክሳይዝ ታክስ ለውጥ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት ከባድ ቀረጥ የሚያስከትል ሆኗል። በጃንዋሪ 2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በጁላይ 2024 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አቅርቦቱ እንዲህ ሲዘጋ፣ የብሩም የመግዛት አቅም ሲወርድ፣ አምስት ዓመት የተነዳች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ብትሸጥ የሚገርመው ሰው የለም። እንግሊዝ አገር ግን መኪና ፍጆታ ነው። እንደ ዳቦ ባይሆንም እንደ ጫማ ያልቃል። ያንን ገበያ በአዲስ አበባ ሚዛን የሚመዝን ገዢ የመጀመሪያውን ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት መኪና ታሪክ ከጀርመን ይጀምራል። ፎልክስዋገን «ጎልፍ ጂቲአይ»ን በ1975 በፍራንክፈርት አውደ ርእይ አሳይቶ በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ የ5,000 መኪኖች ገበያ እንኳ ይገኛል ብሎ በጥርጣሬ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ450,000 በላይ ተሸጠ። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 110 የፈረስ ጉልበት ነበር። ዛሬ 110 የፈረስ ጉልበት ማንንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ክብደቷ ነው፤ ከ850 ኪሎ ግራም አይበልጥም ነበር። የዛሬዋ ጎልፍ ጂቲአይ ከ1,400 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች።

ለመንዳት ደስታ መኪና የሚመርጥ ሰው ከዚህ አኃዝ ብዙ ይማራል። ደስታው ከፈረስ ጉልበት ብዛት ይልቅ ከክብደት ማነስ ይመጣል። ቀላል መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩርባ ስትገባ ነጂው የጎማውን ሥራ በመሪው ይሰማዋል። ከባዷና ጉልበተኛዋ ግን ያንኑ ስሜት የምትሰጠው ፖሊስ በሚያስቆምበት ፍጥነት ነው። የእንግሊዝ አውራ ጎዳና ወሰን በሰዓት 70 ማይል፣ ማለትም 112 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ለወሬ ካልሆነ የሚውልበት ቦታ ጠባብ ነው። ደግነቱ ገበያው የሚያስከፍለው በፈረስ ጉልበት እንጂ በክብደት ማነስ ስላልሆነ ቀላልና ደስ የምትል መኪና ከጉልበተኛዋ ረክሳ ትገኛለች።

በ1984 የመጣችው ፔጆ 205 ጂቲአይ ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ የወሰደች ነበረች፤ ኩርባ ውስጥ ነዳጅ በድንገት ለለቀቀ ነጂ ግን ኋላዋን የምታዞር ኃይለኛም ነበረች። ዛሬ እሷም የመጀመሪያዋ ጎልፍም የሰብሳቢዎች ንብረት ሆነዋል። ርካሽ መኪና የሚፈልግ ሰው በፎቶግራፍ ቢያያቸው ይበቃዋል።

ገበያውን አንድ ጊዜ የገደለው ግን የፋብሪካ መዘጋት አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ወጣት ሌቦች እነዚህን መኪኖች እየሰረቁ በየሰፈሩ ሲያበሩ፣ አደጋውም ሲበዛ፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ክፍያውን እጅግ ከፍ አደረጉት። መኪናውን መግዛት የሚችለው ወጣት ኢንሹራንሱን መግዛት አቃተው። ፍላጎት ተቀዛቀዘ፣ ፋብሪካዎቹም ፈጣን ዓይነቶቻቸውን አንድ በአንድ ተዉ።

የአሁኑ ምክንያት ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንድ አምራች የሚሸጣቸው አዳዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ95 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳያልፉ ከ2020 ጀምሮ መመዘኛ አወጣ። ከተመደበለት በላይ ለወጣ አምራች ቅጣቱ በእያንዳንዱ ግራም 95 ዩሮ ሲሆን በተሸጡት መኪኖች ቁጥር ይባዛል። 100,000 መኪና የሸጠ ኩባንያ በአንድ ግራም ብቻ ቢያልፍ 9.5 ሚሊዮን ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው። ትንሽ መኪና ድሮም ትርፏ ቀጭን ነው። በዚያ ላይ ይህ ሲጨመር ፋብሪካው ፈጣኗን ትንሽ መኪና ለምን ይሠራል? ስለዚህ የአቅርቦቱ በር እየጠበበ መሄዱ እውነት ነው፤ የደላላው ምክር ግማሽ እውነት ያልነውም ይህን ነው።

ስሌቱ በወረቀት ላይ

ለስሌት ያህል ሁለት ገዢዎችን እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። አንዱ በ20,000 ፓውንድ አዲስ መኪና ገዝቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በ12,000 ይሸጣል። ሌላው የአሥር ዓመት መኪና በ5,000 ገዝቶ ለጥገና 2,000 አውጥቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በ4,000 ይሸጣል። የመጀመሪያው 8,000፣ ሁለተኛው 3,000 ከስሯል። ዋጋ በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ ሁለተኛው የገዛው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ሜዳው ላይ ነው። ማምረቷ የቆመ፣ ስም ያላት መኪና ከሆነች ሜዳው ረዘም ይላል፤ አንዳንዴም ቀስ ብሎ ሽቅብ ይወጣል።

እስከዚህ ድረስ ሁለተኛው ገዢ ብልህ ነው። አሁን ዕድሜው 22 ዓመት ነው እንበል፣ ኢንሹራንሱም በዓመት 1,800 ፓውንድ ይሁን። በሦስት ዓመት 5,400 ይሆናል። ይህ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል! መኪናዋ ሁለት ሺህ ጨምራ ብትሸጥ እንኳ ኢንሹራንሱን አትመልስም። «ኢንቨስትመንት ነው» የሚለው ጨዋታ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ መኪኖች ለኢንሹራንስ ከ1 እስከ 50 በምድብ ተከፍለው ኖረዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክፍያውም ይከብዳል። ከምድቡ ሌላ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ሰፈርና ያለ አደጋ የተነዳበት ዘመን ይታያሉ። ስለዚህ መኪና ከማየት በፊት በኢንተርኔት የሦስት የአራት መኪኖችን ዋጋ ማስላት ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት መኪኖች ልዩነታቸው በመቶዎች ፓውንድ ሲሆን ይታያል።

በዚህ በኩል በወገኖቻችን ዘንድ ስለሚታይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። የልጁን መኪና በአባት ስም ኢንሹራንስ ማስገባትና አባትየውን ዋና ነጂ አድርጎ ማስመዝገብ ለቤተሰብ መተባበር ይመስላል። በእንግሊዝ ሕግ ግን ማጭበርበር ነው። አደጋ ሲደርስ ድርጅቱ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ያኔ የሌላውን ሰው ጉዳት ጭምር ቤተሰቡ ሊጠየቅበት ነው። ልጁ በራሱ ስም ገብቶ አባትየው ተጨማሪ ነጂ ሆኖ ቢጻፍ ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋውንም ይቀንሳል። ሳይነገር የተለወጠ ማርሚታ ወይም ጉልበቱ የተጨመረ ሞተርም እንዲሁ ውል ያፈርሳል።

የትኛዋን?

የእኔን ግምት ለጠየቀኝ፣ በጀቱ አነስ ላለና የሚያምነው መካኒክ ለሌለው ገዢ ስዊፍት ስፖርትን አስቀድማለሁ። ከ2012 እስከ 2017 በአውሮፓ የተሸጠችው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ተርቦ የላትም፣ ጉልበቷም 136 ብቻ ነው። ሞተሯ የሚዞረው በካቴና ስለሆነ ቺንጋ ለመቀየር ወጪ የለባትም። በ2018 የመጣችው ባለ 1.4 ተርቦ ደግሞ 140 የፈረስ ጉልበት ይዛ 975 ኪሎ ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ በዘመናችን ከአንድ ቶን በታች የሆነ መኪና ብርቅ ነው። የውስጥ ፕላስቲኳ ርካሽ ይመስላል፣ የዕቃ መጫኛዋም ጠባብ ነው። ለመንዳት ደስታ የሚገዛ ሰው ይህን ይችላል።

ከሁሉም የተሟላችው ፊየስታ ኤስ ቲ ናት። የ2013ቷ 1.6 ተርቦ 182 የፈረስ ጉልበት ሲኖራት፣ ከ2018 በኋላ ያለችው በባለ ሦስት ሲሊንደር 1.5 ሞተር 200 ትሰጣለች። በቁጥር ብዙ ስለተሸጠች መለዋወጫዋ በየቦታው ይገኛል፤ ለገዢው ምርጫ ሰፊ ነው፣ ለመደራደርም ያመቻል። የ1.6ቱ ሞተር የሚፈራው የራዲያተር ውሃ ማጉደሉን ነው። ውሃ ጎድሎ የሞቀ ሞተር ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ፎርድም በዚሁ ምክንያት መኪኖችን ጠርቶ ያስተካከለበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የጥሪው ሥራ መሠራቱን የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ፣ የውሃ መያዣውንም ከፍቶ ማየት ነው። በውሃው ላይ ዘይት ከታየ ማመስገንና መሄድ።

ሬኖ ክሊዮ 182 ለአዋቂ ናት። በ2004 የመጣች ባለ 2 ሊትር፣ ተርቦ የሌላት፣ ስትነዳ የምትዘፍን መኪና ስትሆን ብዙዎች ለገንዘቡ እሷን የሚያህል የለም ይላሉ። ሆኖም የሞተሯ ቺንጋ በአምስት ዓመት መቀየር ያለበት ሲሆን ሥራው ረጅምና ውድ ነው። «ቺንጋው አልተቀየረም፣ ግን ደህና ነው» የሚል ሻጭ ካለ የሥራውን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ መቀነስ ተገቢ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ሞተሩ ያልቃል።

ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ ከ2001 እስከ 2005 በእንግሊዝ ስዊንደን የተሠራችው፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ጠንካራ ሞተር አላት። ካቴናዋና ሞተሯ በዘይት እስከተጠበቁ ድረስ ረጅም ይሄዳሉ፤ የሚበላት ዝገት ነው። የስዊንደን ፋብሪካ በ2021 ተዘግቷል፤ ጥሩ ሆነው የቀሩትም ዋጋቸው ከርካሽ ተርታ እየወጣ ነው።

ስሟ አምሮ ኪስ የምትጎዳ ደግሞ አለች። ከ2006 ጀምሮ የተሸጠችው የመጀመሪያዋ ተርቦ ሚኒ ኩፐር ኤስ በካቴና መወጠሪያዋ ችግር ትታወቃለች። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሣ ኮፈኑ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚንቋቋ ድምፅ ከተሰማ ሻጩ የሚለውን ሁሉ አለመስማት ነው። ከ2010 እስከ 2014 የነበረችው ፖሎ ጂቲአይም ዘይት በመጠጣት ስሟ ተነሥቷል። ቶዮታ ጂአር ያሪስ ግሩም መኪና ናት፤ ዋጋዋ ግን ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ያደርጋታል።

አካሄዱ

በእኛ አገር ቦሎ እንደሚባለው እንግሊዞችም መኪናቸው ሦስት ዓመት ከሞላት በኋላ በየዓመቱ ያስመረምራሉ። የምርመራው ታሪክ በሰሌዳ ቁጥር ብቻ ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። በየዓመቱ የተመዘገበው ማይል፣ የወደቀችበት ምክንያት፣ «ወደፊት ይታይ» የተባለው ሁሉ ተጽፏል። ማይል ወደ ኋላ የተመለሰ ከሆነ እዚያው ይጋለጣል። የዕዳና የስርቆት ማጣሪያ በጥቂት ፓውንድ ይገዛል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በአደጋ የተጎዱ መኪኖች «ካት ኤስ» እና «ካት ኤን» ተብለው ይመዘገባሉ፤ የመጀመሪያው አካሏ ዋናው አጽሟ ድረስ መጎዳቱን የሚያመለክት ነው። ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ስትሸጥም ቅናሹ አይቀርም። በጀርመን ምርመራው በየሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ በመኪናዋ ላይ የተጨመሩ ብዙ ዕቃዎች ወረቀቷ ላይ መግባት አለባቸው።

ሎንዶን የሚኖር ገዢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለበት። የአየር ብክለት ክፍያው ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ መላውን የሎንዶን ከተማ ያጠቃልላል። መመዘኛውን ለማታሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ነው። ቤንዚን መኪኖች ከ2006 ወዲህ ከሆኑ በአብዛኛው ያልፋሉ። ከዚያ በፊት ለተመዘገቡት ሰሌዳውን አስገብቶ ማረጋገጥ ይሻላል፤ በወር ሃያ ቀን የሚነዳ ሰው 250 ፓውንድ ይከፍላልና።

መኪናዋን ለማየት ሲኬድ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን ሻጩን አስቀድሞ መለመን ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ዱኮው በአንድ በር ላይ ብቻ የደመቀ፣ የኮፈኑ ብሎኖች የተነካኩ ከሆኑ ጥያቄ ማንሣት። ሲነዳ ሁለተኛ ማርሽ በፍጥነት ሲገባ ካምቢዮው ቢያጉረመርም የቀድሞው ነጂ ጠባይ ተገልጿል። በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ጮኾ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። የጎማዎቹ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይናገራል። አራቱም አንድ ዓይነትና ጥሩ ስም ያላቸው ከሆኑ ባለቤቱ ያልቆጠበ ሰው ነው። በአራት እግሯ አራት ዓይነት ርካሽ ጎማ ያጠለቀች ፈጣን መኪና ዘይቷም በጊዜው አልተቀየረም ብሎ መገመት ይቻላል።

ለውጥ የተደረገባትን መኪና በተመለከተ ገበያው ጨካኝ ነው። ወጣቱ ሦስት ሺህ ፓውንድ አውጥቶ ቸርኬ፣ ማርሚታና የሞተር ኮምፒውተር ይለውጣል፤ ሲሸጥ ግን ሳትነካ ከተቀመጠችው ያነሰ ይከፈለዋል። ገዢው ቢቻል ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን፣ የጥገና ደረሰኞቿ በፋይል የታሰሩላትን ይምረጥ። ማይሏ ትንሽ ከፍ ቢልም እሷ ትሻላለች።

መኪናዋን ወደ አገር ቤት መላክ ለሚያስቡ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ክልከላው አለ፤ የእንግሊዟ መሪ ደግሞ በቀኝ በኩል ስለሆነ በቀኝ መስመር ለሚነዳ አገር አይመችም። መዝናናቱ እዚያው ነው።

ጊዜውን በሚመለከት፣ በእንግሊዝ አዲስ የሰሌዳ ቁጥር የሚወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማርች 1 እና ሴፕቴምበር 1 ነው። አዲስ ሰሌዳ የሚወዱ ገዢዎች እነዚያን ወራት ጠብቀው አሮጌዋን ለነጋዴው ይለውጣሉ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ያገለገሉ መኪኖች በነጋዴዎች ግቢ ይከማቻሉ። ኖቬምበር ሲገባ ብርዱም ዝናቡም መጥቶ፣ የገና ወጪም ተቃርቦ፣ ፈጣን ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል። ልጅ ተወልዶለት ሰፊ መኪና የሚፈልግ ባለ ክሊዮ ያን ጊዜ ስልክ ሲደወልለት ቶሎ ያነሣል።